ባለቤቷ እኔ ነኝ

የከተማችን የቤት ጉዳይ በእጃችሁ ለሆነ የቢሮ፣ የክፍለ ከተማና የወረዳ ኃላፊዎች፣
የየሕንፃውን ነዋሪ ማኅበር ለምትመሩ ወገኖችም

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ከቦሌ አራብሳ፣ ከአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። 46 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እተዳደራለሁ። አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። ስለ ቤቴ ጉዳይ በሄድኩበት መስኮት ሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው ይኸው ስለሆነ መጀመሪያውኑ ነግሬያችኋለሁ።

ባለፈው ወር ለቤቴ ካርታ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄጄ ነበር። ከረጅም ሰልፍ በኋላ ተራዬ ደረሰና ቅጽ ተሰጠኝ። ከቅጹ ላይ «የባለቤት ስም» የሚል መስመር ነበር። ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጽፌ መለስኩ። በመስኮቱ የተቀመጠችው ልጅ ወረቀቱን አየችና ቀና አለች።

«እዚህ ላይ የሚሞላው የባለቤትዎ ስም ነው» አለችኝ።

«ባለቤቷ እኔ ነኝ» አልኳት።

«የባልዎን ማለቴ ነው።»

«ባል የለኝም።»

«እንግዲያው ያላገባ ማስረጃ ያስፈልጋል።»

ማስረጃውን ቀደም ሲል ለሌላ ጉዳይ አውጥቼው ነበርና ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ጊዜው አልፎበታል አለችኝ። ልጅቷ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። የታዘዘችውን ነው የሠራችው። እኔ ግን አዲሱን ማስረጃ ለማውጣት ሁለት ቀን ከሥራ ቀረሁ፤ ሦስት ምስክርም ይዤ ሄድኩ። አንዷ የፎቅ ጎረቤቴ ናት። አንዱ ከሕንፃችን ሥር ሱቅ ያለው ልጅ ነው፤ ሱቁን ዘግቶ መጣልኝ። ሦስተኛዋ የሥራ ባልደረባዬ ነች። ተራ በተራ እየቆሙ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች ፊት፣ «አላገባችም» አሉልኝ። ያን ዕለት ማታ ወደ ቤቴ ስመለስ ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላስታውስም።

ሕጉ ለምን እንደሚጠይቅ ይገባኛል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በትዳር ውስጥ የተፈራን ንብረት አንደኛው ወገን ከሌላው ተደብቆ እንዳይሸጠው ይከላከላል። በዚህ ሕግ ስንቷ ሴት ሜዳ ላይ ከመውደቅ ድናለች! የእኔ እህትም አንዷ ናት። ጥያቄው ይቅር አልልም። የምለው ይህ ነው፦ አንዴ ከጠየቃችሁኝ መልሴን መዝግባችሁ ያዙት። የጋብቻ ምዝገባ የሚካሄደው በእናንተው ቢሮዎች ነው። ኮምፒውተሩም በጠረጴዛችሁ ላይ ነው፤ የፋይዳ ቁጥሬንም ወስዳችኋል። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አንድ ጥያቄ ተልኮ የሚታወቀውን ነገር፣ ሱቁን ዘግቶ የሚመጣ ልጅ ለምን ይመስክርልኝ?

«ባለቤት» የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ትርጉም አለው። ንብረቱ የእሱ የሆነ ሰው ባለቤት ነው፤ የትዳር ጓደኛም ባለቤት ነው። በሰላሙ ጊዜ ደስ የሚል ቃል ነው፤ ሚስት «ባለቤቴ» ስትል፣ ባልም «ባለቤቴ» ሲል፣ ቤቱ የሁለቱም መሆኑን ይመሰክርላቸዋል። ብቻዋን ለምትኖር ሴት ግን ሁለቱ ትርጉሞች ይጋጩባታል። ባለቤት ነኝ ስትል «ባለቤትሽስ?» ትባላለች። ሌላም ቃል አለ። ወንደላጤ ሲባል ሰዉ ፈገግ ይላል፤ ምስኪን፣ ምግብ የሚያበስልለት የሌለው፣ ቀን ሲወጣለት የሚያገባ ጎልማሳ ይታሰባል። ሴተ ላጤ ሲባል ግን የተናጋሪው ድምፅ ይለወጣል። ቃሉ በራሱ ስድብ አልነበረም፤ አፋችን ነው ስድብ ያደረገው። ይህን የምለው ለሃያ ዓመት ያህል በኪራይ ቤት ስንከራተት ያንን ድምፅ ስለሰማሁት ነው።

ደላላው ስልክ ላይ የሚጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ናችሁ?» የሚል ነበር። ብቻዬን ነኝ ካልኩ ዝም ይላል። ከዚያ «አከራዮቹን ልጠይቃቸው» ይላል። በኮተቤ፣ በገርጂ፣ በመሪ ተከራይቼ ኖሬያለሁ። በአንዱ ግቢ በሩ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይቆለፍ ነበር። የዓመቱ ሒሳብ የሚዘጋበት የሰኔ ወር ሲመጣ ከሥራ አምሽቼ ስመለስ ከበሩ ውጭ ቆሜ እደውላለሁ፤ አከራዬ ጋቢያቸውን ደርበው ይወጡና ከእግር እስከ ራሴ አይተው ይከፍቱልኛል። በሌላው ግቢ ወንድሜ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ሁለት ሌሊት ቢያድር፣ ወንድሜ መሆኑን ለማሳመን የእናታችንን ፎቶግራፍ አሳየሁ። በሁሉም ቤት ምስማር መምታት ክልክል ነበር። የእናቴ ፎቶግራፍ ለዓመታት ሻንጣ ውስጥ ነው የኖረው።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ለተከራይ ብዙ ነገር አድርጓል። ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ በእኔ ጊዜ ቢኖር ስንቱን ዕቃ የማጓጓዝ ዕዳ ባዳነኝ። አዋጁ ሴቲቱን የሚደርስላት ግን ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ከበሩ ላይ ቆማ «ብቻሽን ነሽ?» ለምትባለዋ ማን ይድረስላት?

ፖለቲካ ወደ እኔ ሕይወት ሁልጊዜ የገባው በቤት በኩል ነው። ለጋራ መኖሪያ ቤት የተመዘገብኩት በ1997 ዓ.ም. ነበር። ያን ዓመት ሁለት ረጃጅም ሰልፎች ላይ ቆሜያለሁ፤ አንዱ ለቤት ምዝገባ፣ ሁለተኛው ግንቦት 7 ቀን ድምፅ ለመስጠት። ሁለቱንም ወረቀቶች በአንድ ፖስታ ውስጥ ነበር የያዝኳቸው። ከዚያ ስምንት ዓመት ዝምታ ሆነ። በ2005 ዓ.ም. ዳግም ምዝገባ ሲጠራ ነባር ተመዝጋቢ ተብዬ ለባለ አንድ መኝታ በወር 274 ብር መቆጠብ ጀመርኩ። የሒሳብ ሰው ነኝና የአምስት ዓመቱ ድምር 16,440 ብር እንደሚሆን የዚያኑ ቀን በደብተሬ ላይ አስልቼዋለሁ። ዛሬ ይህ ገንዘብ ትንሽ ይመስላል። ያን ጊዜ ግን በየወሩ ከደመወዜ ላይ ሲነሳ ስጋ የማይገዛበት ወር ነበረ፤ ጫማ የማይቀየርበት ክረምትም ነበረ።

የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ዕጣው ወጣ፤ ስሜም ነበረበት። ከዕጣው 30 በመቶው ለሴቶች የተለየ ድርሻ ነበር። ይህን የወሰነው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ እኔን አስቦ ነው። በዚህች ከተማ ብቻዋን የምትሠራ፣ ብቻዋን የምትቆጥብ ሴት እንዳለች የቆጠረ መንግሥት መኖሩን ያን ቀን አመንኩ። ቅሬታዬም የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስትሰጡኝ ቆጥራችሁኛል። ከሰጣችሁኝ በኋላ ለምን ረሳችሁኝ?

በማግሥቱ በኦሮሚያ ከተሞች ወጣቶች በከተማዋ ዳር፣ በአርሶ አደሮች መሬት ላይ የተሠሩትን የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ ተቃውመው አደባባይ ወጡ። እኔ ገና የደስታ ስልክ እየተቀበልኩ ነበር። በዚያ ሳምንት ተናድጃለሁ፤ አልዋሽም። አሥራ አራት ዓመት ጠብቄ አንድ ቀን እንኳ ሳልደሰት ብዬ አልቅሻለሁ። ነገሩን በሌላ ዓይን ያየሁት እዚህ ከገባሁ በኋላ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ወተት የሚያመጡልን እናት አሉ፤ ወተቱን በቢጫ ጀሪካን ይዘው ከሕንፃው ሥር ይቀመጣሉ። «ኢንተሎ»፣ በኦሮምኛ «አንቺ ልጅ»፣ እያሉ ነው የሚጠሩኝ። አንድ ቀን ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ጫማዬ ላይ የተጣበቀውን መረሬ ጭቃ በእንጨት ስፍቅ፣ «ይህ አፈር ሽንብራ ይወድ ነበር» አሉኝ። በእጃቸው ከእኛ ሕንፃ ጀምረው እስከ መንገዱ ድረስ አሳዩኝ። «ካሳውን ወሰድን፤ ገንዘብ ያልቃል፤ መሬቱ አያልቅም ነበር።» ከዚያ ወተቱን ለኩልኝና ወደሚቀጥለው ሕንፃ ሄዱ።

እናቴም ተመሳሳይ ታሪክ ነበራት፤ እሷ ግን የቆመችው በተጠቃሚው ወገን ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ፣ ቁጥር 47፣ ሲታወጅ እናቴ አንዲት ጠላ ሻጭ በገዛ ገንዘባቸው ከሠሯቸው ክፍሎች በአንዱ ተከራይታ ትኖር ነበር። በአንድ ቀን አከራይዋ ቀበሌ ሆነ፤ ኪራዩም ቀነሰላት። የቀበሌ ደረሰኞቿን በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ እስከ ዕለተ ሞቷ አስቀምጣቸዋለች። ያቺ ጠላ ሻጭ ግን፣ ባል ያልነበራቸው፣ ክፍሎቹን በጠላ ሽያጭ አንድ በአንድ የሠሩ ሴት፣ በራሳቸው ግቢ ውስጥ ጎረቤት ሆኑ። እናቴ ስለ እሳቸው ስታወራ ሁልጊዜ ድምፅዋን ዝቅ ታደርግ ነበር። አሁን ለምን እንደሆነ ይገባኛል። እኔም ወተት የሚያመጡልንን እናት ሳገኝ ድምፄ ዝቅ ይላል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የእኔ የሆነው በላዩ ላይ ያለው ቤት ነው። ይህን ሁሉ የምተርከው መሬቱ ያለ ዋጋ አለመገኘቱን ስለማውቅ ነው። አንድ አርሶ አደር እናት ማሳቸውን የተነጠቁበት፣ እኔ አሥራ አራት ዓመት የጠበቅኩበት ቤት በግማሽ ልብ ሊተዳደር አይገባውም። አሁንም የሚጠብቁ አሉ። የሥራ ባልደረባዬ ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. በወጣው ዕጣ ስሟ ተጠርቶ እናቷን በስልክ እልል አስባለቻቸው። ቀናት ሳይቆጠሩ የተጭበረበረ መረጃ ገብቶበታል ተብሎ ዕጣው ተሰረዘ። ድጋሚ ሲወጣ ስሟ አልነበረም። ዛሬም ትከራያለች፤ ዛሬም ትቆጥባለች። ስለ እሷ የሚነገረን መቼ ነው?

ቁልፉን የተረከብኩት ዕጣው ከወጣ ከዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በሩን ስከፍት ወለሉ ደረቅ ሲሚንቶ ነበር፤ ግድግዳው ላይ የሠራተኞች ስልክ ቁጥር በከሰል ተጽፎበታል፤ በሽንት ቤቱ በር ፈንታ ክፍት ቦታ ነበር። የዕቁብ ዕጣዬን አስቀድሜ ወሰድኩ፤ ከእናቴ የቀረችውን የአንገት ወርቅም ሸጥኩ። ሴራሚክ አስነጠፍኩ፤ በር አስገጠምኩ። ከሁሉ በፊት ግን ከሱቁ ልጅ መዶሻ ተውሼ አንድ ምስማር መታሁ። ግድግዳው ጠንካራ ስለነበረ ምስማሩ ሁለት ጊዜ ተጣመመብኝ። በሦስተኛው ገባ። የእናቴን ፎቶግራፍ ሰቀልኩና ከወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እስኪመሽ ድረስ አየኋት።

ወደ ማኅበራችን ልምጣ። ባለፈው እሑድ ስብሰባ ነበረን፤ በጋራ መገልገያው ቤት ውስጥ። አጀንዳው ውሃ ወደ ላይኛዎቹ ፎቆች የሚገፋ ፓምፕ ስለመግዛት ነበር። እኛ ጋ ውሃ የሚመጣው ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው፤ አራተኛ ፎቅ ግን አይደርስም። ጀሪካን ተሸክሜ የምወጣው እኔ ስለሆንኩ ጉዳዩን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ከዚህ በፊት የተዋጣው ገንዘብ የት እንደደረሰ፣ ደረሰኝ ካለም እንድናየው ጠየቅኩ። ሥራዬም ይኸው ነው። ሰብሳቢው፣ የማከብራቸው ትልቅ ሰው፣ በትሕትና «እህቴ፣ ይህን ነገር ባለቤትሽን ላኪውና ከእሱ ጋር እንነጋገርበታለን» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ባለቤቷ እኔ ነኝ» አልኳቸው። በአንድ ወር ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ።

ቤቱ ዝም አለ። እሳቸውም ደነገጡ፤ ሊያዋርዱኝ ፈልገው እንዳልነበረ ፊታቸው ይናገራል። ደረሰኙ ግን አልታየም። ስብሰባው ሲበተን ደረጃው ላይ አንዲት ጎረቤቴ ክንዴን ያዘችኝ። ከፒያሳ ተነሥታ የመጣች ናት። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ መዋጮውን አንድ ወር አጓድላ አታውቅም፤ ነገር ግን «እሱን ይጠይቁኛል ብዬ ተናግሬ አላውቅም» አለችኝ። እዚያው ደረጃው ላይ ቆመን በሮቹን ቆጠርን። ከ32ቱ በሮች በ11ዱ ውስጥ ቤቱን የምታስተዳድረው ሴት ብቻዋን ናት። ያላገባች ቆጠርን፣ የፈታች ቆጠርን፣ ባሏ ዓረብ አገር የሄደባትን ቆጠርን። ከአሥራ አንዳችን በዚያ ስብሰባ አፏን የከፈተችው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ፣ ቁጥር 370፣ የማኅበሩ አባል የሚያደርገው የቤቱን ባለቤት ነው። አባወራ የሚል ቃል የለበትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35ም ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ይናገራል። «የማስተዳደር» ይላል። ስለ ፓምፑ መጠየቅ ከዚያ የሚያንስ ነገር ነው?

እንግዲህ የምለምናችሁን ልንገራችሁ። ቅጹን አስተካክሉት። አንዱ መስመር «የቤቱ ባለቤት»፣ ሌላው «የትዳር ጓደኛ (ካለ)» ይበል። ለማተም የሚፈጀው አንድ ቀን ነው። ያላገባ ማስረጃውን ከኛ ከመጠየቃችሁ በፊት በመዝገባችሁ ፈልጉት። የነዋሪ ማኅበራትን የምትደግፉ የወረዳ ባለሙያዎች የስብሰባ መጥሪያው በቤቱ ባለቤት ስም እንዲጻፍ እዘዙ፤ አንድ ጊዜም መጥታችሁ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። የስብሰባው ሰዓትም ይታሰብበት፤ እሑድ ጠዋት የቅዳሴ ሰዓት ነው፤ የሥራ ቀን ከሰዓትም ከመሀል ከተማ የምንመለስ ሰዎች አንደርስም። ከአያት ተነሥተን አራብሳ እስክንገባ ድረስ ታክሲ ስንጠብቅ የሚመሽብን ብዙ ነን።

የመንገድ መብራቱንም አደራ። ከታክሲ ማውረጃው እስከ ሕንፃችን በእግር አሥር ደቂቃ ነው። በዚያ አሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስት የመብራት ምሰሶ አለ፤ የሚበራው አንዱ ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ከታክሲ የምንወርድ ሴቶች ሳንተዋወቅ እርስ በርስ እንጠባበቃለን፤ አንዷ ስልኳን ታበራለች፣ ሌሎቻችን ከኋላ እንከተላለን። አንዳንድ ቀን አምስት፣ አንዳንድ ቀን ሁለት እንሆናለን። የጣሪያና ግድግዳ ግብሬን በ2015 ዓ.ም. ተመኑ ሲጨምርም ጊዜውን ሳላሳልፍ ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ከእናቴ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

የሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጎረቤቴ አብራኝ ትገባለች፤ ሌሎቹንም በር እያንኳኳን እየጠራናቸው ነው። እስካሁን ሰባቱ እንመጣለን ብለዋል። ከእናንተ አንድ ሰው ከመጣ ደስ ይለናል። ቤቴ አራተኛ ፎቅ፣ ደረጃውን ወጥታችሁ ስታበቁ በግራ በኩል ያለው በር ነው። ማክሰኞና ዓርብ ከሆነ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አልተኛም፤ ውሃ እየቀዳሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የቤቱ ባለቤት
ቦሌ አራብሳ፣ አዲስ አበባ